ቀስ ብሎ የሚነሣ ሙሽራ

አምቦ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልኪያስ
ሸነን

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ቃለአብ ደህና ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ የስፌት መኪናዬም ካስጠገንኳት ወዲህ ደህና ናት። አንተ ብቻ ነህ ደህንነትህን በአንድ መስመር የምትጨርሰው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያና ስለ ሸነን ብርድ ጽፈህ፣ ከታች ከፊርማህ አጠገብ «ሐኪሙ የጨመረልኝ መድኃኒት ትንሽ ያዞረኛል፤ ግን ምንም አይደል» ብለህ ዘጋኸው። እኔ ደግሞ ያንተን ደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው። ያሳደግኩህ ሰው ነኝ።

ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ሾፌሩን ሮቤራን ጠይቄዋለሁ። «መምህሩ አጥር እየያዘ ሲሄድ አየሁት፤ ከመኪናው ሆኜ ሰላም ብለው ማዶ ላለ ሰው መለሰልኝ» አለኝ። እሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም።

መድኃኒትህን እንደ ወትሮው በክር ካርቶን ውስጥ አድርጌ ልኬያለሁ። ለሮቤራ ክርና ቁልፍ ነው ብዬዋለሁ። አንድ አስተማሪ ይህን ሁሉ ክር ምን ይሠራበታል ብሎ እስካሁን አለመጠየቁ የጌታ ቸርነት ነው። ኮትህንም አድርሻለሁ። በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ኪስ አበጅቼልሃለሁ፤ በእጁ ካልዳበሰው በቀር ማንም አያገኘውም። ኪኒኑን እዚያ አድርገው።

እጮኛህን መቲን በተመለከተ፣ ደግመህ ብትጠይቀኝም መልሴ ያው ነው። ከሠርጉ በፊት አትንገራት። ሰው የሚጥል በሽታ የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ አንተን ማየት ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው በሽታውን ነው። እንዴት አወቅሽ አትበለኝ፤ አውቃለሁ።

በስልክ ላወራህ ፈልጌ ነበር። የእናንተ ኔትወርክ እንደ ሸነን ፀሐይ ነው፤ ሲመጣም አብሮህ የሚኖረው ኢፋ ጆሮህ ሥር አለ። ስለዚህ ጻፍ፤ በደንብ ጻፍ።

እህትህ ዘርትሁን


ሸነን፣ ጥቅምት 21 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርትሁን

እንደምን ሰነበትሽ? ቃለአብ፣ ልጆቹ፣ የስፌት መኪናዋም እንደምን ሰነበቱ? ስሕተቴን እያየሽ አትሳቂ። አንቺ በአማርኛ ተማርሽ፣ እኔ በቁቤ ተማርኩ፤ በዚህ ፊደል የምሰቃየው ላንቺ ብዬ ነው።

በደንብ ጻፍ ስላልሽ ልጻፍ። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ቤቱ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። ግድግዳውን ይዤ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። መንገድ ላይ መሬቱ ወደ ግራ የዘመመ ይመስለኛል፣ እኔ ደግሞ እሱን ላቃና ወደ ቀኝ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ሁለት ነው። ባለፈው ክፍልፋይ ሳስተምር ከመስመሩ በላይ ያለውን ቁጥር በአንደኛው ሰሌዳ፣ ከሥር ያለውን በሁለተኛው ጻፍኩት መሰለኝ፤ ልጆቹ ዝም ብለው ሲገለብጡ ቆዩና አንዷ «መምህር፣ ቁጥሩ አየር ላይ ነው» አለች። ምላሴም ከብዶኝ ይተሳሰራል። ከምሳ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ይጠራል፣ ሰው እሆናለሁ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ያው ነው።

ብርዱ በርትቷል። የኮቱ ገበር ይሞቃል፣ ኪሱንም አገኘሁት፤ እኔ ራሴ ብዙ ፈልጌው ነው።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተውኝ ነበር። የመቲ አባት ኦቦ ሌታም አንዱ ናቸው። ዙሪያውን ሲሄዱ ቆይተው በመጨረሻ ኦቦ ሌታ፣ ባርሲሳ፣ መምህራችን፣ ጠዋት ጠዋት ስትንገዳገድ ሰው አይቶሃል፣ አነጋገርህም የድሮው አይደለም፣ ትጠጣለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ያንቺ ቃል ትዝ አለኝ፣ ዘጋሁት። ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰዱት።

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ሌታ ወንድማቸውን አረቄ ነው የገደለባቸው፤ እሳቸው ናቸው ያለቀሱት። መዘምራኑን ከመምራት ታግጃለሁ። በታኅሣሥ አንድ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ንስሐ ከገባሁ ይመልሱኛል፤ የጥር ሃያ ሦስቱ ሠርግም ባለበት ይጸናል። ካልገባሁ መቲን አይሰጡኝም።

እትዬ፣ ብዙ አሰብኩበት። ሰካራም ንስሐ ይገባል፣ ይታቀፋል፣ እልል ይባልለታል። የእኔ ነገር ግን ንስሐ የለውም። እሺ ልበላቸው?

ወንድምሽ ሚልኪያስ


አምቦ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሚልኪያስ

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ልጆቹ ምን ሆንሽ እስኪሉኝ ድረስ ሳቅኩ። የአጎታችን ሠርግ ላይ ብርዝ ነው ብለው ሰጥተውህ ሽታው ብቻ ያስመለሰህ ሰው፣ ለስላሳ እንኳ ጋዙ እስኪወጣ የምትጠብቅ ሰው፣ ሳትጠጣ ሰከርክ። ከዚያ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩና ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

ስማኝ። በሽታህን ደብቅ አልኩህ እንጂ የሌላ ሰው ኃጢአት ልበስ አላልኩህም። ልክህ አይደለም፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አውቃለሁ። ዛሬ በውሸት ንስሐ ገብተህ ነገ ጠዋት ብትንገዳገድ ምን ልትላቸው ነው? ዳግመኛ ጠጣሁ? በየወሩ እየቆምክ ንስሐ ልትገባ ነው? እናታችን በሕይወት ብትኖር ከዚህ ከአምቦ በእግሯ መጥታ ጆሮህን ትጎትት ነበር። ወይም የእኔን። ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝና።

ወደ ቁም ነገሩ። ሲስተር ሰሎሜ የምትባል ነርስ ደንበኛ አለችኝ፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ጋውኗን እኔ ነኝ የምሰፋላት። ልክ ስወስድላት አንድ ዘመድ አለኝ፣ እንዲህ ዓይነት ኪኒን ይወስዳል፣ ያዞረዋል ብዬ እንደ ቀልድ ጣል አደረግኩ። «ዘመድሽ ወንድምሽ ነው?» አለችኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ማንም አልነገራትም፤ ፊቴ ነው የነገራት።

አልተገረመችም። እንዲያ የሚያዞራቸው ብዙ ናቸው አለች፤ በተለይ መጠኑ ሲጨመር፣ ሰውነት እስኪለምደው። ከዚያ ግን ጥያቄ ጠየቀችኝ። እንዴት ነው የሚውጠው? በስንት ሰዓት? ስንት ስንቱን? ምግብ በልቶ ነው ሳይበላ? ይህንን ሁሉ ዓመት ኪኒን ስልክልህ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ጠየቅኩህ፤ ሳታሳጥር መልስልኝ።

አንድ ነገር አጥብቃ ነው የነገረችኝ፦ ምንም ቢያዞረው በገዛ ራሱ እንዳያቋርጥ። በድንገት ማቋረጥ ያንን ነገር መልሶ ይጠራል ብላለች። እንዳታቋርጥ።

እህትህ ዘርትሁን


ሸነን፣ ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርትሁን

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታ፤ እጄ ገና አልጸናም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የደረሰኝ ግን ዘግይቶ ነው፤ በሮቤራ አትፍረጂ፣ መንገዱ ተበላሽቶ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የሚዋጠው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው፣ ሐኪሙ እንዲያ ነው ያዘዘው። እኔ ግን ሁለቱንም ጠዋት ነበር የምውጠው፣ ምንም ሳልበላ። ምክንያቱም ማታ ኢፋ ክፍሉ ውስጥ አለ። ጠዋት ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ብቻ ነው ብቻዬን የምሆነው። ሁለት ሆነው አንድ ሆድ ውስጥ ቢገቡ ምን ለውጥ አለው ብዬ ነበር። ለልጆች ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ።

አቋርጬም ነበር። የሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ስብሰባ ላይ ቀጥ ብዬ ልቁም ብዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መሬቱ መሬት ሆነ፣ ሰሌዳው አንድ ሆነ። መቲ በሱቃቸው በር ሳልፍ ፊቷ ፈካ።

ከዚያ የሆነው ሆነ። አልዘረዝርልሽም፤ እኔም አላየሁትም። ስነቃ ምላሴ ቆስሏል፣ ክፍሉ በክብሪት ሽታ ታፍኗል። ኢፋ ሙሉ ክብሪት ጭሮ ጨርሶ ነው ያስሸተተኝ፤ ጣቶቹን አቃጥሏል። ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ የክር ካርቶኑንም ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ አሳየሁት። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ አየና «እኔ እኮ ዳቦ ቆሎ ደብቀህ ለብቻህ የምትበላ መስሎኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤብህ ነበር» አለኝ። እትዬ፣ ምላሴ ቆስሎ ሳቅኩ። ሲያመኝም ሳቅኩ።

ለማንም አልተናገረም። መቲ ትምህርት ቤት መቅረቴን ሰምታ ስትመጣ አሞታል ብቻ ብሎ መለሳት። እሷ ግን ምን እንዳሰበች ታውቂያለሽ። ሲሻለኝ ወደ ሱቁ ሄድኩ፣ ይህን ወረቀት የገዛሁትም እዚያ ነው። ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ «የምትደብቀኝን ነገር ሳላውቅ ነጭ አልለብስም» አለችኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ወንድምሽ ሚልኪያስ


አምቦ፣ ኅዳር 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ

እንዴት አደርክ? ምላስህ ዳነ? ኢፋን ጌታ ይባርከው በልልኝ፤ ጣቶቹን ቅቤ ይቀባ። ዳቦ ቆሎም ልኬለታለሁ፣ በሌላ ካርቶን፤ ስሙን ጽፌበታለሁ።

ሰሎሜ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ በዚህ ጊዜ ዘመድ የሚባል ነገር የለም፣ ወንድሜ ብያለሁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ በባዶ ሆድ ስላት ራሷን ያዘች። «ታዲያ ማን የማይዞርበት አለ?» አለች። የቀኑ ሁሉ ጠዋት ላይ ይከመርብሃል፣ ለዚህ ነው ዓይንህ ሁለት የሚያየው፣ ምላስህ የሚተሳሰረው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እየቀነሰ ሲሄድ ሰው ትሆናለህ። ጠዋቱን ለጠዋት፣ ማታውን ለማታ መልሰው። ሁለቱንም ምግብ ቀምሰህ። ከአልጋ ስትነሣ ዘለህ አትቁም፤ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ተቀመጥ፣ እግርህ መሬት ይንካ፣ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ተነሣ። ውሃ ጠጣ። ባዞረህ ሰዓት መሰላል የሚባል ነገር እንዳትወጣ፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሌላ ሰው ይፈልግ። ደግሞም መጥተህ ሐኪሙ ይይህ፤ ቀጠሮ ይዛልሃለች፣ ቅዳሜ በሮቤራ መኪና ና። ነገሩ ዳግመኛ ቢደርስብህ ክብሪት አይጫርም ብላለች፤ ኢፋ ይህን ይወቅ። በጎንህ ያስተኙህ፣ ከራስህ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ አፍህ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ቶሎ ካልለቀቀህ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱህ።

ከደብዳቤህ ኋላ ለብቻው የላክኸው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለበት። ይኸው፦ አዎ፣ የጊንጪው ሰው የቀረው ባንተ ምክንያት ነው። እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ አንተ በገበያ መሐል ወድቀህ የእሱ አክስት አየች። በዘራቸው አለ ብለው ቀሩ። ላንተ ወደ ሐረር ተዛወረ ተባለ። አሥራ አራት ዓመትህ ነበር፣ ምን ልልህ ኖሯል? አትናገር ያልኩህ ለዚህ ነው። ፈርቼ ነው።

እንዳታለቅስ። ያ ሰው ባይቀር ቃለአብን አላገኝም ነበር። ቃለአብ በመጀመሪያው ቀን ነግሬው፣ «እና ወንድምሽ አሁን እንዴት ነው?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ። በሩን የሚዘጋም አለ፣ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅም አለ። ሳይነግሩት ግን ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም። ይህንን እኔ ረስቼው ነበር።

ስለዚህ ዝም በል ያልኩህን ትቻለሁ። ምን እንደምትናገር አንተ ታውቃለህ። ኪኒኑን ብቻ እንዳትረሳ።

እህትህ ዘርትሁን


ሸነን፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርትሁን

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ለቃለአብ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በዚያ ቅዳሜ በጀርባዬ የጣለብኝ እጅ እስካሁን ይሞቀኛል። ሐኪሙ መጠኑን ሳይቀይር በሥርዓቱ ውጠው፣ እንየው ካለኝ ወዲህ እንዳልሽው ነው የሆነው። መጀመሪያ ሰሌዳው አንድ ሆነ፣ ከዚያ ምላሴ ተፈታ። ጠዋት አሁንም ትንሽ ያዞረኛል፣ አልዋሽሽም፤ ግን በአልጋው ጫፍ ተቀምጬ ሳሳልፈው ያልፋል። ማታ ማታ ኢፋ ራሱ ውሃ ይዞ ይመጣና «በል ዋጥ» ይለኛል፤ እስክውጥ ድረስ አይቀመጥም። ከሐኪም የባሰ ሆኗል።

አሁን ግን አዲስ ፈተና መጣብኝ። ቀጥ ብዬ ስሄድ ሰው ሁሉ ጸሎታችን ተሰማ፣ መምህሩ መጠጡን ተወ ማለት ጀመረ። ውሸቱ ተዘጋጅቶ፣ ተተኩሶ፣ መልበሱ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እሑድ ቆሜ አዎ ጠጥቻለሁ፣ ጌታ አወጣኝ ብል በዚያው ያልቃል። መቲንም አገኛለሁ። ትናንት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

ወንጌላዊው ስሜን ጠሩ። ከወንበሬ ቀስ ብዬ ተነሣሁ፤ ቀስ ማለቴን ኀፍረት መስሏቸው ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ፊት ለፊት ቆሜ መቲን አየኋት፤ ከመዘምራኑ መሐል መሬት መሬት እያየች ነበር። ያን ጊዜ ነው አፌ ራሱ የተናገረው። «አልጠጣም። ጠጥቼም አላውቅም። መድኃኒት ነው የምወስደው፤ የሚጥል በሽታ አለብኝ» አልኩ።

ከዚያ ኪኒኑን ላሳያቸው እጄን ወደ ኮቴ አስገባሁ። እትዬ፣ ያንቺ ኪስ። አላገኘሁትም። በግራ ፈለግኩ፣ ገበሩ ተያዘብኝ፣ እጄ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከጉባኤው ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ጠርሙስ ላወጣ ነው ብለው ነው መሰለኝ። በመጨረሻ ክሩ ተበጥሶ ወጣ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ገበሩ ተቀዷል።

ኦቦ ሌታ ተነሥተው መጡ። ኪኒኑን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አዩት። ይህን ስትውጥ አትወድቅም ወይ አሉኝ። ሳላቋርጥ ስውጠው ረጅም ጊዜ አልወደቅኩም፣ ጠዋት የሚያንገዳግደኝም ያለ ሥርዓቱ ስውጠው ነው አልኳቸው። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የእኔ ወንድም እንዲህ ያለ ኪኒን ቢኖርለት ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ነበር። መጠጥ ኪኒን የለውም። ይህ አለው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ ሄደው ተቀመጡ። እንደ ቀለለው ሰው ነበር የተቀመጡት።

ሁሉም እንደ እሳቸው ነው አልልሽም። አንዲት እናት ልጇን ከአጠገቤ ስትስብ አይቻለሁ። አንድ ሰው መንፈስ ነውና ይጸለይለት አለ፤ ወንጌላዊው፣ እንጸልይለታለን፣ እሱም ኪኒኑን ይውጣል ብለው ዘጉት።

መቲ ግን አላናገረችኝም። ስትወጣ በአጠገቤ አለፈችና «ሁለት ወር ሙሉ ነው ያለቀስኩት» ብላ ሄደች። ዛሬ ሱቁን የከፈቱት አባቷ ናቸው።

ትናንት ማታ ጉዴ የምትባል ድንች ነጋዴ ቤታችን መጣች። ከበሩ አልገባ ብላ ቆማ፣ ያ መድኃኒት ለትንሽ ልጅም ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሴት ልጅ አለቻት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሰው እንዳያያት ከቤት አታወጣትም። ጎረቤቷ ነኝ፤ ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። የእኔን ኪኒን ልሰጣት አልችልም፣ ሐኪም ማየት አለበት አልኳት። ቀጠሮ ይያዝላት ዘንድ ሰሎሜን ለምኚልኝ።

ወንድምሽ ሚልኪያስ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሚልኪያስ

ደብዳቤህን ደንበኛ ፊት ነው ያነበብኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኪሱ ላይ ስደርስ በሳቅ፣ ኦቦ ሌታ ላይ ስደርስ በለቅሶ ቀሚሷን አበላሸሁባት። ሴትዮዋ ሞቶብሽ ነው ተድሮልሽ ብላ ጠየቀችኝ። ገና አላውቅም አልኳት።

ቃለአብ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከአሥራ አራት ዓመትህ ጀምሮ ጀርባዬ ላይ የተሸከምኩት ነገር ነበረ፤ ትናንት አውርጄ ስተኛ እስከ ረፋድ ተኛሁ። ልጆቹ ቁርሳቸውን ራሳቸው በሉ።

ለጉዴ ልጅ ቀጠሮ ተይዟል፤ ሰሎሜ ራሷ በር ላይ ትቀበላቸዋለች። ማደሪያ እኔ ቤት ነው። ልጅቷ የምትለብሰው ከሌላት ልኳን ላኩልኝ።

መቲን አትከታተላት። አትለምናትም፣ በሰውም አታስለምናትም። ሁለት ወር ያለቀሰ ሰው ለመታረቅ ጥቂት ቀን ቢፈልግ አይበዛበትም። ገበሩን ግን ማንም እንዳይነካው፣ እኔ እሰፋዋለሁ።

እህትህ ዘርትሁን


ሸነን፣ ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘርትሁን
አምቦ

በጌታ ፍቅር እንደምን ሰነበቱ? ሳንተዋወቅ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አማርኛዬም ደካማ ነው፣ ኢፋ ነው የሚያርምልኝ። እኔ የኦቦ ሌታ ልጅ መቲ ነኝ።

ስለ ለቅሶዬ የጻፉት በሚልኪያስ በኩል ደርሶኛል፤ ስለዚህ ለእርስዎ በቀጥታ ልመልስ ብዬ ነው። በበሽታው አልተቆጣሁም። አጎቴ የሚያድረው እኛ ቤት ነበር፣ የሰካራም ሽታ አውቃለሁ፤ ሚልኪያስ የሚሸተው ጠመኔና ሳሙና ነው። መጠጥ እንዳልሆነ ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር። እኔ ያሰብኩት፣ ሠርጉን አልፈለገውም፣ ራሱን አዋርዶ እንድንተወው እየጠበቀ ነው ብዬ ነው። ያለቀስኩት ለዚያ ነው። እውነቱን በሰማሁ ቀን በጣም ስለቀለለኝ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ ላይ ደርሶ ያውቃል?

ንዴቴ አልፏል። መጥቶ በሱቁ በር ሳይገባ ቆሞ ነበር፤ እኔም አላስገባሁትም፤ መጀመሪያ በሽታው ሲመጣበት ምን እንደማደርግ ይንገረኝ አልኩት። ደንበኛ እየገባ እየወጣ ሁሉን ነገረኝ። ክብሪት እንደማይጫር፣ በጎን እንደሚተኛ፣ አፍ ውስጥ ምንም እንደማይከተት። አባቴ ከውስጥ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ ደግመህ ንገራት፣ እኔም ልያዘው አሉ።

ከጉዴና ከልጇ ጋር ወደ አምቦ የምመጣው እኔ ነኝ። ልጅቷ መኪና ተሳፍራ አታውቅም፤ በመስኮቱ በኩል እንድትቀመጥ ሮቤራን ለምነነዋል። ሮቤራም ክርና ቁልፍ አለመሆኑን ከመጀመሪያውም ያውቅ እንደነበር ነግሮናል፤ የእሱም እህት ያንኑ ኪኒን ትውጣለች።

ስመጣ ለሠርግ ቀሚሴ ልክ ይወስዱልኛል። አንድ ልመና አለኝ። ቀሚሱ ላይ ኪስ ያድርጉልኝ፣ በቀኝ በኩል፣ እጅ በቀላሉ የሚያገኘው። የማታው ኪኒን ሰዓት ግብዣው መሐል ላይ ይደርሳል፤ እኔ እይዝለታለሁ። የሙሽራ ቀሚስ ኪስ የለውም ይሉኝ ይሆናል፣ ኢፋም እንዲያ ብሎኛል፤ የእኔ ይኑረው።

ሌላውን ለወንጌላዊው ነግረናል። ሙሽሮች ይነሡ በተባለ ጊዜ ጉባኤው ቆሞ ትንሽ ይጠብቀናል። መጀመሪያ ሁለታችንም ወንበሩ ጫፍ ላይ እንቀመጣለን፣ እግራችን መሬት ይነካል። ከዚያ እጁን እይዘውና ቀስ ብለን እንነሣለን።

አክባሪዎ
መቲ ሌታ